እውነት ወይስ ተረት? ስለ ፌስታል ክልከላ የሚወራው ሲጣራ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ ብዙ ጉዳዮችን ቢይዝም በየቤቱ የተወራለት አንዱ ነው፤ የፌስታል መከልከል። ሽንኩርት የሚሸምት፣ ሥጋ የሚያስቆርጥ፣ እንጀራ የሚገዛ፣ ልጁን ለዳቦ የሚልክ ሁሉ ጉዳዩ ስለሚመለከተው ወሬው ቶሎ ተዳረሰ። አብሮት ግን ግማሽ እውነትም፣ ጨርሶ መሠረት የሌለው ነገርም ተዛመተ። አንዱ «የሚቀጣው ነጋዴው ነው» ይላል። ሌላው «የወረቀት ከረጢት ከመጣ ችግሩ አለቀ» ይላል። ሌላው ደግሞ «የጨርቅ ቦርሳ እንዲያውም ከፌስታል የባሰ እንደሆነ ፈረንጆቹ ራሳቸው አጥንተውታል» ብሎ ይሟገታል።

እነዚህን አባባሎች ማጣራት የሚያስፈልገው የተሳሳተ ነገር ይዘን ከተነሣን ፌስታሉን ትተን ሌላ ቆሻሻ ስለምንተካበት ነው። በሌሎች አገሮች ይህ በተግባር ታይቷል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

1. «ቅጣቱ ለፋብሪካና ለነጋዴ ነው፤ ሸማቹን አይመለከትም»

ተረት ነው። አዋጁ ፌስታል የሚያመርተውን፣ ከውጭ የሚያስገባውንና የሚሸጠውን ብቻ ሳይሆን የሚጠቀመውንም ሰው ይመለከታል። ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ሊቀጣ ይችላል። ለአምራቹና ለአስመጪው ቅጣቱ ከዚህ እጅግ ይከብዳል።

ብዙዎች የዘነጉት ነገርም አለ። ፌስታል በአገራችን ሕግ ሲነካ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከልክሎ ነበር። ይሁንና ስስ ፌስታል ከዚያ ወዲህም ለዓመታት በየጉሊቱ ሲታደል ኖሯል። 0.03 ሚሊ ሜትር በዓይን አይለይም፤ ገዢውም፣ ሻጩም፣ ደንብ አስከባሪውም የትኛው እንደተፈቀደና የትኛው እንደተከለከለ በእጁ ዳስሶ ሊያውቅ አይችልም። አዲሱ አዋጅ ውፍረት ለክቶ ከመለየት ይልቅ ከረጢቱን በጠቅላላ መከልከልን የመረጠው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

በሌላ በኩል «ፕላስቲክ የሚባል ሁሉ ተከለከለ» የሚለውም ልክ አይደለም። ክልከላው ያነጣጠረው በከረጢቱ ላይ ነው። የዘይት ጀሪካኑንና በየቤቱ ያለውን የፕላስቲክ ሳህን ለመጣል የሚያበቃ ምክንያት የለም፤ እንዲያውም ሳህኑ ወደፊት እንደምናየው ለገበያ ይጠቅማል።

2. «ይህ የሀብታም አገሮች ቅንጦት ነው፤ ለእኛ አይሆንም»

ተረት ነው፤ ታሪኩ የተገላቢጦሽ ነው። ስስ ፌስታልን በአገር ደረጃ በመከልከል ቀዳሚዋ ባንግላዴሽ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2002። ምክንያቷም ቅንጦት አልነበረም። በ1988 እና በ1998 በደረሱባት ከባድ ጎርፎች የከተማ የውሃ መውረጃዎች በፌስታል ተደፍነው ውሃው መሄጃ አጥቶ ነበር። ጎረቤታችን ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በነሐሴ 2017፣ ታንዛኒያ በሰኔ 2019 ከልክለዋል። የኬንያ ሕግ እስከ አራት ዓመት እስራት ያስፈርዳል። ኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርስ መንገደኛ ሻንጣው ውስጥ ፌስታል ካለ ይወሰድበታል።

አፍሪካ በዚህ የቀደመችው ጉዳቱ ቶሎ ስለሚደርስባት ነው። ቆሻሻ በየዕለቱ የሚነሣበትና ተዘግቶ የሚቃጠልበት ሥርዓት ያለው አገር ፌስታሉ ከዓይኑ ይሰወርለታል። ቆሻሻ በወቅቱ በማይነሣበት ከተማ ፌስታሉ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ አጥር ላይ ይሰቀላል፣ ከብቱም ይበላዋል።

3. «አንድ ፌስታል ምን ይጎዳል?»

ተረት ነው። ይህን ለመረዳት የከብትን ሆድ ማየት ይበቃል።

ላም ሣርን እየመረጠች አትግጥም፤ በምላሷ ጠቅልላ ትውጣለች። ሽሮ የተቋጠረበት፣ ጨው የነካው ወይም የሥጋ ሽታ የያዘ ፌስታል ሜዳ ላይ ስታገኝ እንደ መኖ ትወስደዋለች። የዋጠችው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያርፈው ጨጓራዋ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ሽንፍላው የሚያሳልፈው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ የደቀቀ መኖ ብቻ ያልፋል። ፌስታል አይደቅም፣ አይፈጭም፣ ተመልሶም ቢመሰኳ አይለሰልስም። ስለዚህ እዚያው ይቀራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጨመሩበት እርስ በርሱ ይተበተብና ጠንካራ ድቡልቡል ይሆናል። ጨጓራው በማይፈጭ ነገር ስለተያዘ ላሚቱ የጠገበች ይመስላታል፤ መብላት ትቀንሳለች፣ ትከሳለች፣ ወተቷ ይነጥፋል። ባለቤቱ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ያሳድዳል። እውነተኛው ምክንያት የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከታረደች በኋላ ነው። ጅማንና ሐዋሳን ጨምሮ በአገራችን ቄራዎች የተካሄዱ የእንስሳት ሕክምና ጥናቶች በከብቶች ጨጓራ ውስጥ ከሚገኙ ባዕድ ነገሮች ፕላስቲክ በብዛት ግንባር ቀደም መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል።

ለአንድ ገበሬ ወይም የከተማ ዳርቻ ወተት ሻጭ አንዲት ላም የቤተሰብ ገቢ ናት። ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ለጥቂት ደቂቃ ያገለገለ ፌስታል ያንን ገቢ ሊያጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት ክረምት ላይ ይታያል። ፌስታል ስስና ሰፊ ስለሆነ ከቱቦው አፍ የብረት ፍርግርግ ላይ እንደ ክዳን ይለጠፋል። ደለሉና ቅጠሉ በላዩ ይከመራል፤ ከዚያ ውሃው ወደ መንገዱና ወደ ሰው ደጅ ይሄዳል። ቦዩን ያልደፈነ ሰው ቤት ነው ጎርፉ የሚገባው።

4. «ፌስታል ለመበስበስ 1,000 ዓመት ይፈጅበታል»

ግማሽ እውነት ነው። ቁጥሩ 500 ዓመትም እየተባለ ይነገራል። ሁለቱንም ግን ማንም አልለካም፤ ሊለካም አይችልም። ዛሬ የምናውቀው ባለጆሮ ፌስታል በስዊድን ሴሎፕላስት በተባለ ኩባንያ ተሠርቶ የፈጠራ ባለቤትነት መብት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ዕድሜው 60 ዓመት ገደማ ብቻ የሆነ ነገር 1,000 ዓመት ይቆይ እንደሆነ የተጠበቀ ማስረጃ ሊኖር አይችልም።

እርግጠኛ የሆነው ነገር ግን ከቁጥሩ የሚያንስ አይደለም። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤትሊን በአፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን እንደ ቅጠልና እንደ ወረቀት በቀላሉ የሚበሉት ነገር አይደለም። ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይቦጫጨቃል። ሰው ያኔ «ጠፋ» ይላል። አልጠፋም፤ በዓይን ወደማይታዩ ቅንጣቶች ተለውጦ ከአፈሩና ከውሃው ጋር ተቀላቅሏል። ፌስታሉ ሙሉ ሳለ ማንሣት ይቻል ነበር፤ ቅንጣቱን ግን ማንም ለቅሞ አይጨርሰውም።

5. «በራሱ የሚበሰብስ ፌስታል ስላለ እሱን መጠቀም ነው»

በአብዛኛው ተረት ነው። በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተለያዩ ከረጢቶችን፣ «ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ጨምሮ፣ አፈር ውስጥ ቀብረው፣ ባሕር ውስጥ ነክረውና አየር ላይ ሰቅለው ተከታትለዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ውጤት ከሦስት ዓመት በኋላ ከአፈርና ከባሕር የወጣው «ይበሰብሳል» የተባለው ከረጢት አሁንም ዕቃ መሸከም ይችል ነበር። የተሻለ ውጤት ያሳየው ለብስባሽ ማዳበሪያ ዝግጅት ተብሎ የተሠራው ዓይነት ነው፤ እሱም ባሕር ውስጥ በሦስት ወር ሲጠፋ አፈር ውስጥ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቷል።

ፕላስቲኩ ቶሎ እንዲቦጫጨቅ ኬሚካል የሚጨመርበት «ኦክሶ» የሚባል ዓይነትም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉ ምርቶችን ከገበያው አግዷል፤ ከመበስበስ ይልቅ መበጣጠስን ያፋጥናሉና። ስለዚህ አረንጓዴ ቅጠል የታተመበትን ከረጢት አይተን ልባችን አይረፍ። መጣያው ያው ቦይ ከሆነ ጽሑፉ የሚለውጠው ነገር ጥቂት ነው።

6. «ሰብስቦ መልሶ መጠቀም ወይም ማቃጠል ይቻላል»

ሁለቱም ተረት ናቸው፤ በተለያየ ምክንያት።

የውሃ ሃይላንድ የሚለቀምበት ምክንያት አለው። ገዢ አለው፣ ቶሎ ይጠራቀማል፣ ሲታጠብ ይጸዳል። ፌስታል ይህ ሁሉ የለውም። አንዱ ፌስታል 5 ግራም ቢመዝን አንድ ኪሎ ለመሙላት 200 ማንሣት ያስፈልጋል። ያም ጭቃ፣ ዘይትና የምግብ ትራፊ ነክቶት ነው የሚገኘው። ፋብሪካ ቢደርስ እንኳ ስስ ስለሆነ በማሽኑ ተሽከርካሪ ክፍሎች ላይ እየተጠመጠመ ሥራ ያስቆማል። ቁራሌው ሃይላንዱን አንሥቶ ፌስታሉን ትቶ የሚያልፈው ሒሳቡን አውቆ ነው።

ማቃጠሉ ደግሞ በቀጥታ ጤና ይነካል። ከሰል ለማያያዝ ፌስታል መለኮስ በብዙ ግቢ የተለመደ ነው፤ ቶሎ ይነዳል፣ ዝናብም አያጠፋውም። ግን ጥቁሩ ጭስ ደቃቅ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዟል። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ከተቀላቀለበት ዳዮክሲን የተባሉ አደገኛ መርዞች ይወጣሉ። ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ያለችው እናትና ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ናቸው የሚተነፍሱት። ጭራሮና ወረቀት ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋሉ እንጂ ይህን አያመጡም።

7. «ወረቀት ስለሆነ ችግር የለውም»

ግማሽ እውነት ነው። የወረቀት ከረጢት ቦይ ውስጥ ቢገባ ይርሳል፣ ይፈርሳል፤ ከብት ቢበላውም እንደ ፌስታል ጨጓራ ውስጥ አይተበተብም። ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ሲመረት ግን ዛፍ፣ ብዙ ውሃና ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ከፌስታልም ስለሚከብድ ለማጓጓዝ ነዳጅ ይጨምራል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ስሌት የወረቀት ከረጢት ለአየር ንብረት ካለው ጫና አንጻር አንዴ ብቻ ከሚያገለግል ፌስታል እኩል ለመሆን ቢያንስ 3 ጊዜ ማገልገል አለበት። በክረምት እርጥብ ጎመን ተሸክሞ 3 ጊዜ የሚመላለስ የወረቀት ከረጢት ማግኘት ያስቸግራል።

ወረቀት የራሱ ቦታ አለው። ለዳቦ፣ ለቆሎ፣ ለቅመም፣ ለመድኃኒት ይመቻል። ፌስታልን በሙሉ በወረቀት መተካት ግን አንዴ ተጠቅሞ የመጣል ልማዱን እንዳለ ይዞ ዕቃውን ብቻ መቀየር ነው።

8. «የጨርቅ ቦርሳ ከፌስታል የባሰ አካባቢን ይጎዳል»

ግማሽ እውነት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ መታየት ያለበትም ይህ ነው። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው ጥናት የጥጥ ቦርሳ በሁሉም መመዘኛ ከፌስታል እኩል እንዲሆን 7,100 ጊዜ ማገልገል አለበት ይላል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረው ይህ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደዚያ የሰቀለው ግን የኦዞንን ንጣፍ የሚመለከተው አንድ መመዘኛ ነው። ያው ጥናት የአየር ንብረት ለውጥን ብቻ ስናይ 52 ጊዜ ይበቃል ይላል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የእንግሊዙ ጥናት ደግሞ 131 ጊዜ ብሎ አስልቷል።

እስቲ ወደ ኑሯችን እናምጣው። በሳምንት ሁለት ቀን ገበያ የሚወጣ ሰው በዓመት 104 ጊዜ ይወጣል። 52ቱን በስድስት ወር ይሞላል፤ 131ዱን በአንድ ዓመት ከሦስት ወር። በደንብ የተሰፋ ቦርሳ ከዚያ በላይ ያገለግላል። ችግር የሚሆነው በየወሩ አዲስ ከገዛን፣ በየስብሰባው የሚታደለውን እየተቀበልን ጓዳ ውስጥ ከከመርን ነው።

ጥናቶቹ ያላስገቡት ነገርም አለ። ሁለቱም ሜዳ ላይ የተጣለ ፌስታል የሚያደርሰውን ጉዳት በሒሳባቸው ውስጥ አልቆጠሩም። ዴንማርክ ውስጥ ያገለገለ ፌስታል ቆሻሻ ተሞልቶበት ወደ ማቃጠያ ጣቢያ ስለሚሄድ ይህ ለእነሱ ያስኬድ ይሆናል። የላም ጨጓራና የክረምት ቱቦ በሒሳቡ ውስጥ ለሚገቡበት አገር ግን ስሌቱ ጎዶሎ ነው።

ከዚህም በላይ ጥናቶቹ የለኩት አዲስ ጥጥ ተዘርቶ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ የሚሠራ ቦርሳ ነው። እኛ አዲስ ጥጥ አያስፈልገንም። ያረጀ ጋቢ፣ የጠበበ ቀሚስ፣ ከመጋረጃ የተረፈ አቡጀዲ ሰፈር ላለ ልብስ ሰፊ ቢሰጥ ቦርሳ ይሆናል። የሰሌን ዘንቢል ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉም ቀድሟል። ከሁሉ የሚሻለው ቦርሳ ቀድሞ ቤታችን ያለው ነው።

9. «ተመላላሽ ቦርሳ በሽታ ያመጣል»

የማይታጠብ ከሆነ እውነት ነው፤ ከታጠበ ተረት ነው። በአሪዞና እና በሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ሸማቾች ሰብስበው ከመረመሯቸው ቦርሳዎች 8 በመቶው ላይ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ አግኝተዋል። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው የፕላስቲክ አምራቾችም ያሉበት የአሜሪካ ኬሚስትሪ ምክር ቤት ነበር። ያም ሆኖ ጥናቱ ሌላም ነገር ተናግሯል፤ ቦርሳውን ማጠብ ከባክቴሪያው 99.9 በመቶውን አስወግዷል። ከቦርሳዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ ደግሞ አጥበውት አያውቁም ነበር።

ስለዚህ ጥንቃቄው ቀላል ነው። ሥጋና ዶሮ ክዳን ባለው ዕቃ ለብቻ ይያዝ። ቦርሳው ከልብስ ጋር ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። አፈር የነካው ድንች ከዳቦ ጋር አይቀላቀል። ፌስታል ንጹሕ ነው የሚለው እምነትም መታረም አለበት። ብዙው ጥቁር ፌስታል ምን እንደነበረ ከማይታወቅ ያገለገለ ፕላስቲክ ቀልጦ የሚሠራ ነው፤ ለምግብ ተብሎ አልተዘጋጀም። ትኩስ ፓስታ፣ ወጥ ወይም ሻይ በእሱ ይዞ መሄድ ከማይታጠብ ቦርሳ የሚሻልበት ምክንያት የለም።

10. «ፌስታል ከሌለ የቤት ቆሻሻ የሚጣልበት አይኖርም»

ጥያቄው እውነት ነው፤ መደምደሚያው ተረት። ብዙ ቤት ፌስታልን ሁለተኛ ጊዜ የሚጠቀመው ለቆሻሻ ነው። በካሊፎርኒያ ከተሞች ፌስታል ሲከለከል ሰዎች ትንንሽ የቆሻሻ ላስቲክ መግዛት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በክልከላው ከቀነሰው ፕላስቲክ 30 በመቶ ገደማ በዚህ መንገድ መመለሱን አሳይቷል። አሁንም ሰባ በመቶ ያህሉ ቀርቷል ማለት ነው፤ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ ቤት ለቤት የሚዞሩት የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ከየግቢው የሚቀበሉት በአብዛኛው በማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያው ተገልብጦ ይመለሳል፣ ይታጠባል፣ ደግሞ ያገለግላል። ለኩሽና ክዳን ያለው ባልዲ ይበቃል፤ ከሥሩ አሮጌ ጋዜጣ ቢነጠፍበት ለማጠብ ይቀላል። የሽንኩርትና የድንች ልጣጩን ለብቻ የለየ ቤት ደግሞ ቆሻሻው አይሸትም፤ ደጅ ላይ አንድ ሁለት ተክል ካለው ልጣጩ ለአፈሩ ምግብ ይሆናል።

11. «ሰው ልማዱን አይተውም»

ተረት ነው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ ፌስታል 15 ሳንቲም ስታስከፍል አጠቃቀሙ 90 በመቶ ገደማ ወረደ። እንግሊዝ በ2015 5 ፔንስ ማስከፈል ጀመረች፤ በዋና ዋናዎቹ ሱፐርማርኬቶች የሚሸጠው ፌስታል ከ95 በመቶ በላይ ቀንሷል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ከ2010 ጀምሮ በከረጢት 5 ሳንቲም ይከፈላል፤ አብዛኛው ገንዘብ አናኮስቲያ ወንዝን ለማጽዳት ይውላል። እስራኤል ያሉትም ከ2017 ጀምሮ በትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች 10 አጎሮት እየከፈሉ ነው የሚወስዱት። የመኪናቸው ኋላ ውስጥ ቦርሳ የማይጠፋው የወገኖቻችን ቤተሰቦች ልማዱን ያመጡት በዚህ መንገድ ነው።

ያልተሳካውንም መናገር ተገቢ ነው። ኬንያ ውስጥ ከጎረቤት አገሮች በድብቅ የሚገባ ፌስታል አስቸግሯል። በምትኩ የመጣው ስስ የጨርቅ መሰል ቦርሳም ከፖሊፕሮፒሊን ማለትም ከፕላስቲክ የሚሠራ ነበር፤ ጥራቱ እየወረደ ሄዶ ሁለቴ ሳያገለግል መቀደድ ሲጀምር የአገሪቱ የአካባቢ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 እሱንም እንደሚያግድ አስታወቀ። ካሊፎርኒያም ስሱን ከልክላ ወፈር ያለውን «ተመላላሽ» ብላ ፈቀደች፤ ሰው ወፍራሙንም እንደ ስሱ አንዴ ተጠቅሞ ጣለውና የፕላስቲክ ከረጢት ቆሻሻው በክብደት ጨመረ። ይህንኑ ቀዳዳ የሚደፍን ሕግ በ2024 ተፈርሞ ከ2026 መግቢያ ጀምሮ እንዲሠራ ተወስኗል። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ከሱቅ የምናገኘው ምትክ ቦርሳ በመጀመሪያው ኪሎ ስኳር መያዣው የሚበጠስ ከሆነ ሌላ ስም የተሰጠው ፌስታል ነው።

12. «ያለ ፌስታል ጉሊት መገበያየት አይቻልም፤ የሚጎዳውም ደሃው ነው»

የመጀመሪያው ተረት ነው፤ ሁለተኛው በቁም ነገር ሊሰማ የሚገባው ሥጋት ነው።

ማታ ከሥራ መልስ ጉሊት ፊት የሚሆነውን እንይ። ሴትዮዋ አንድ መደብ ቲማቲም ወደ ጥቁር ፌስታል ትገለብጣለች፤ ቃሪያው ሌላ ፌስታል ውስጥ ይገባል፤ ሽንኩርቱ ሦስተኛ፣ ጎመኑ አራተኛ። ከዚያ ሁሉም አምስተኛ ትልቅ ፌስታል ውስጥ ይጨመርና ጆሮው ይቋጠራል። ከአምስቱ አራቱ ምንም ሥራ አልነበራቸውም። አንድ ሰፊ ቦርሳ ያለው ሰው ድንቹንና ሽንኩርቱን ከታች፣ ካሮቱን መሃል፣ ቲማቲሙን ከላይ፣ ጎመኑን ከሁሉ በላይ ቢያስቀምጥ ቤቱ ሲደርስ ምንም አይጨፈለቅም። ሉካንዳ የሚሄድ ክዳን ያለው ሳህን ይያዝ። ሽሮና በርበሬ የሚገዛ ባዶ ቆርቆሮውን ወይም ብርጭቆውን ይዞ ይሂድና ባዶው መጀመሪያ ይመዘንለት። እንጀራ የሚገዛ ንጹሕ ጨርቅና ትሪ ቢይዝ እንጀራው ፌስታል ውስጥ እንደሚሆነው አያልበውም።

የሚያስቸግረው ያልታሰበ ግዢ ነው። ታክሲ ወርዶ ድንገት ብርቱካን ያየ ሰው ቦርሳ የለውም። መፍትሔው ቦርሳውን ከቤት ሳይሆን ከራስ አለመለየት ነው። ተጣጥፎ ኪስ ወይም የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ስስ ከረጢት ሁልጊዜ ይኑር፤ ከገበያ መልስም ዕቃው ሲራገፍ ወዲያው ወደ ቦታው ይመለስ።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ። የጉሊት ሴት ፌስታል የምትሰጠው ወድዳ አይደለም። ከራሷ ትርፍ ገዝታ ነው፤ ካልሰጠች ደንበኛዋ አጠገቧ ወዳለችው ይሄዳል። «ፌስታል ነጻ ነው» የሚባለው ስለዚህ ልክ አይደለም፤ ዋጋው ወይ ከሷ ትርፍ ወይ ከእኛ ሒሳብ ላይ ይነሣል። ደንበኛው ሁሉ የራሱን ይዞ ከመጣ ወጪው ይቀርላታል። ካልያዘ ግን እሷ በቅጣትና በደንበኛ ማጣት መሃል ትገባለች። በየመንገዱ ፌስታል እያዞሩ የሚሸጡ ልጆች፣ በፋብሪካዎቹ ተቀጥረው የሚሠሩም አሉ። የሚመለከታቸው አካላት ማስከበሩን ከላይ፣ ከአምራቹና ከአስመጪው መጀመር፣ ለእነዚህ ሰዎችም የቦርሳ ስፌትን የመሰለ ምትክ ሥራ ማመቻቸት አለባቸው። የጉሊቷን ሴት እየቀጡ ምንጩን መተው ሕጉን ያስጠላል እንጂ ፌስታሉን አያጠፋም።

ታዲያ እውነቱ ምንድን ነው?

ከላይ ያየናቸው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያደርሳሉ። ጉዳዩ ፕላስቲክ ወይስ ወረቀት ወይስ ጥጥ የሚል ብቻ አይደለም። ወሳኙ አንዱ ቦርሳ ስንት ጊዜ አገለገለ የሚለው ነው። አንዴ ተጠቅመን የምንጥለው ነገር ከምንም ይሠራ ከምን የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ ደጋግመን የምንጠቀምበት ግን ዋጋውን ቀስ በቀስ ይመልሳል።

ስለዚህ አዋጁን ቅጣት ፈርተን ብቻ አንጠብቀው። ቅጣት የሚፈራ ሰው ደንብ አስከባሪ በሌለበት ወደ ልማዱ ይመለሳል። ላሟ ለምን እንደከሳች፣ ቦዩ ለምን እንደሞላ ያወቀ ሰው ግን ማንም ባያየውም ቦርሳውን ይይዛል። ዛሬ ማታ ጓዳችን ውስጥ ያለውን አሮጌ ጨርቅ፣ ዘንቢልና ክዳን ያለውን ዕቃ እንፈልግ። የቤታችንን ልጅ ለዳቦ ስንልክ ከብሩ ጋር ቦርሳ እናስይዘው። ሻጯ ከልማድ ፌስታል ስትዘረጋ «የኔ እናት፣ ይዣለሁ» እንበላት። እንዲህ የሚል ደንበኛ ሲበዛ ፌስታሉ ገዢ ያጣል፤ ገዢ ያጣውን ደግሞ ማንም አያመርተውም።